ስሜን ያስጻፉኝ ጸሐፊ

ከቢሯችን የሚወጡትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ማጀቴ ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ከመስጠታችን በፊት አንድ በአንድ እያበራሁ ስፈትሽ፣ የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሽታው ወዲያው ወደ ልጅነቴ ከተማ ጀውሃ፣ ወደ ስድስተኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ ሸዋሮቢት ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር ለትምህርት ቤታችን ሰጠ። በአይሱዙ ሲመጣ አንዲት ጠና ያሉ ጸሐፊ አብረውት መጡ፤ ለዓመታት የሠሩበት እሳቸው ነበሩ። ኮምፒውተሩ በተቀመጠባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተማሪና ወላጅ ታጭቀን ላባችን ይንቆረቆራል። ጸሐፊዋ ማብሪያውን ቢጫኑትም ስክሪኑ እንደጨለመ ቀረ።

የወላጅ ኮሚቴ የነበረው አባቴ፣ "እትዬ፣ ያረጀውን ነው እንዴ ያመጡልን?" አለ።

"ትንሽ ይታገሱት፣ ወንድሜ። እኔንም አርጅተሻል ብለውኛል። ሁለታችንም ቀስ ብለን ነው የምንነሳው።"

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳይገባኝ ሳቅሁ። ወዲያው ማሽኑ አጉረመረመና ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ፈሰሰ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ አባቴ።

ጸሐፊዋ ከፊት የቆምኩትን እኔን ወደ ወንበሩ ሳቡኝና ስሜን ጠየቁኝ። ከዚያ ጣቴን ይዘው "ፋጡማ" የሚለውን አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ስሜን እዚያ ላይ ሳየው ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሊሄዱ ሲነሱ ኮምፒውተሩን እንደ ልጅ ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ አቧራ የገባባቸው መስሎኝ ነበር። ጡረታ እየወጡ እንደነበር የገባኝ ራሴ ቢሮ ገብቼ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ስማቸውን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እሳቸው ጠየቁኝ እንጂ እኔ አልጠየቅኋቸውም።