ከምድጃው ጥግ የሸሸግኩት ወተት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናግሬያለሁ፤ ይችን ግን በሆዴ ይዤ ስንት ጊዜ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ አላውቅህም። ስለማላውቅህ ነው የምነግርህ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። እኅቴ ደብሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በወሊድ ሞተች። ሕፃኗ ትርንጎ ተረፈች። እኔ ባልም ልጅም አልነበረኝምና ተረከብኳት። የእኅቴ ባል አያ ካሴ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰደን፤ እዚያ ያለው ድሬሰር አንድ ጣሳ የዱቄት ወተትና አንድ ጡጦ ሰጠን። ቁጡ ሰው ነበር። «ጡጦውን ከነጫፉ ቀቅይው፤ ውኃውን አፍይው። በራባት ቁጥር አዲስ በጥብጪ። የተረፈውን ድፊው እንጂ እንዳታስቀምጪ» አለኝ። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም።

ግን እኔ ጥላዬን የማላምን ሰው ነኝ። ቤቱ የለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እናት የሌላት ጨቅላ በጠርሙስ ወተት ስትጠጣ ማን ዓይኑን ይመልሳል? የላም ወተት እንኳ ሳይከደን ከቤት አይወጣም። ስለዚህ የቀኑን ወተት ሁሉ ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ በሬን ዘግቼ በቅል እበጠብጠዋለሁ። ቅሉን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ፣ ከምድጃው ጥግ እሸሽገዋለሁ። ልጅቱ ስታለቅስ ወደ ጡጦው ቀድቼ ከነጠላዬ ሥር አጠባታለሁ። ጡጦውን የምቀቅለው ሰው ከሌለ ነው፤ ካለ ጠረግ አድርጌ እተወዋለሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥራት ስንዱን ነው። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ፣ ቤተ እስራኤል ናት። ያኔ የምንጠራቸው ስም ሌላ ነበር፤ አልደግመውም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔም አምን ነበር። ከእኅቴ ጋር ግን ይዋደዱ ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። እንደ ወጋቸው ቤት አልገባችም፤ ደጅ ቆማ አለቀሰች።

«ዓይኗ የደብሬ ነው። ሸጋ ልጅ» አለች። «ምነው ታለቅሳለች?»

ሸጋ ስትል ልቤ ድንግጥ አለ። ልጅቱ በረሃብ ትንጫጫለች። ቅሉን ባሸተው ኮምጥጧል። ቀመስኩት፤ ኮምጥጧል። አዲስ ልበጥብጥ ብል እሳት ማንደድ፣ ውኃ ማፍላት ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከደጅ ሆና ታየኛለች። የኮመጠጠውን ሰጠኋት። አውቄ ሰጠኋት። ከስንዱ ዓይን ላድናት ብዬ በእጄ ሰጠኋት።

ሲነጋ ልጅቱን ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፤ ዓይኗ ጎደጎደ። አያ ካሴ «ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» አለኝ። ወተቱ ተበላሽቶ ነበር ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን «ስንዱ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ምን ያስፈልጋል?

ወንድሞቹ ዱላ ይዘው ተሻገሩ። እየጎተቱ አመጧትና ልጅቱ ላይ ትፊባት አሏት። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው በላተኛው ሲተፋበት ነው ይባላል። ስንዱ መትፋት በልቻለሁ ብሎ ማመን መሆኑን ታውቃለች። ዱላውን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እያለቀሰች እንትፍ አለች።

ልጅቱ አልተሻላትም። በጭነት ማኪና ጎንደር ይዘናት ወረድን። ድሬሰሩ ጡጦውን ተቀብሎ አሸተተ።

«ይህን ማን አስቀመጠው?»

«ሰው አየብን» አልኩት።

«ሰው ሲያየው ወተት ይኮመጥጣል?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። አያ ካሴ ውጭ ነበር፣ አልሰማም። ሰምቶ ቢሆን ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ግን ባለመስማቱ ደስ አለኝ። ቢያውቅ ልጅቱን ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ። ይህም ምክንያት አይደለም። ልጅ ላለማጣት የሰው ቤት ይፈርሳል?

ትርንጎ ዳነች። ስንመለስ የስንዱ ቤት ባዶ ነበር፤ ለመተኮስ የደረደረችው ሸክላ ተሰባብሮ በደጇ ተበትኗል። ባሏንና ልጆቿን ይዛ ወደ ጃናሞራ ሄደች አሉ። ሰው ልኬ አላፈላለግኋትም። ኋላ ልጆቿ ኢየሩሳሌም ገቡ ሲባል ሰማሁ፤ እሷ ትድረስ አትድረስ አላውቅም።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተን ምን በደልኩህ?

ትርንጎ አሁን የልጆች እናት ናት። ባለፈው እሑድ ልጆቿን ሰብስባ «እኔን በጨቅላነቴ አንዲት ሸክላ ሠሪ በልታኝ ነበር፤ ከሞት አፍ ያወጣችኝ አክስቴ ናት» ስትላቸው እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች፤ ልጆቹም በተራ ሳሙኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ ሰጠኋቸው።