ክርስትና ያነሳኋት ልጅ

ያቺን ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣኋት ለነፍሷ ብዬ ነው እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምመልሰው እንደዚያ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን ግራ ይገባኛል።

ቢቸና፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። እሷ ከደቡብ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ የአያቶቹን እምነት ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ከየትኛውም እምነት አልነበረችም። ጾም ሲገባ ምሳዋን በር ዘግታ ትበላለች። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ብገባ፣ እንደጎረሰች ደንግጣ ብድግ አለች። አንጀቴን በላችው። "ብዪ እንጂ ልጄ! ማን ከለከለሽ?" አልኳት። እሷ ግን ቁጭ ብላ "እትዬ፣ እርስዎ ለምንድን ነው የሚጾሙት?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስጾም እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። "ታዝዘን ነዋ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይዣት መሄድ ጀመርኩ፤ ቄሱም ያስተምሯት ጀመር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስታዬ ሁሉ የጽድቅ አልነበረም። የማኅበራችን ሴቶች "አንድ ነፍስ አመጣሽ እኮ!" ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

እንግዲህ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ሞጣ ያስተምራል። ድሮ ሁለት ሦስት ወር ሳላየው የምቆየው ልጅ፣ ያን ሰሞን በየሁለት ሳምንቱ በሚኒባስ ከች ይል ጀመር። "ናፈቅሽኝ" ይለኛል። እኔም ሞኟ አመንኩት።

አመንኩት ልበል? ልትጠመቅ ሳምንት ሲቀራት ቤቷ ሄጄ ነበር። የልብስ ገመዱ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ተሰቅሏል። ለልጄ ከደብረ ማርቆስ የገዛሁለትን ይመስላል። የእሱ ከሆነ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር የሰፋሁት ይኖራል፤ ሁለት እርምጃ ጠጋ ብል ይታየኝ ነበር። "እንዲህ ያለ ሹራብ ገበያው ሙሉ ነው" ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

የክርስትና እናቷ እንድትሆን የታሰበችው የማኅበራችን ሰብሳቢ ነበረች። በጥምቀቷ ዕለት ጠዋት ግን ግንደወይን ያለው ወንድሟ አረፈና ለቅሶ ሄደች። ቄሱ "የሚያነሳት ማን ነው?" አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ "እኔ አለሁ!" አልኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ። ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ። ልጅቱ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ማተቡ ሲታሰርላት ሁለታችንም አለቀስን።

በሳምንቱ ልጄ መጣ። ገና ከመቀመጡ "እማዬ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለኝ። "ለማን?" ስለው የእሷን ስም ጠራ። ለካ እኔን ሊጠይቅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ተዋውቀው፣ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ደብቀውኝ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ እኔ እምቢ እንደማልል ተማምነው። ክው አልኩ።

"ወይ ጉዴ! እህትህን?" አልኩት።

የክርስትና ልጄ ለልጄ እህቱ ናት፤ ጋብቻ ቀርቶ ሐሳቡም ነውር ነው። እሱ ደንቡን ያውቃል፤ ያላወቀው ያነሳኋት እኔ መሆኔን ነው። እሷ ደግሞ ደንቡን ከየት ታውቃለች? "የምሥራች አለኝ፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ" ብላ በስልክ ደብቃው ነበር። የምሥራቿ እኔ ነበርኩ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ። "አባቴ፣ ምንም መላ የለውም?" ብላቸው፣ "አንዴ አንስተሻታል፤ ልጅሽ ናት። ምን ላድርግሽ?" አሉኝ።

ልጄ ያኔውኑ ወደ ሞጣ ተመለሰ። ስደውልለት "ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋል። ሰፈሩ ደግሞ አፉን ከፈተ፦ "ለወንድ ብላ ነው የተጠመቀችው፤ አሁን ማተቧን በጥሳ ትሄዳለች።" እውነቴን ነው፣ እኔም ይህንኑ እጠብቅ ነበር። አልበጠሰችም። እሑድ እሑድ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች።

ባለፈው ከቅዳሴ ስንመለስ "የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው" አለችኝ፣ መንገድ መንገዱን እያየች። "አሁን ለምን እንደምመጣ አላውቅም። መቅረት ግን አቃተኝ።"

ክንዷን ይዤ አብሬያት ተራመድኩ። የቤቴ በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

"እርስዎስ? እኔና እሱ እንደምንዋደድ ቢያውቁ ኖሮ ያነሱኝ ነበር?"

"በፍጹም!" ልላት አፌን ከፈትኩ። ያ ሹራብ ድቅን አለብኝ።

"ልጄ" አልኳት።

"አቤት፣ እናቴ" አለችኝ፣ መልሴን እየጠበቀች።