የኤዶ ድምፅ

ከትምህርት ቤት ደብተር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። እሱንም ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ አልያዝኩትም። ይህን የምጽፈው ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ ነው።

ጅግጅጋ ውስጥ ሽቲና ሻሽ በሚሸጥ ሱቅ እሠራለሁ። የሱቁ ባለቤት ጎረቤታችን ናት። ኤዶ እላታለሁ፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሷም መልሳ እኔን ኤዶ ትለኛለች። አክስትና የወንድም ልጅ በአንድ ስም መጠራራታቸው የሶማሌ ወግ ነው። እኛ ግን በሥጋ አንዛመድም፤ አባቴ ለውትድርና መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታወክ ኤዶ በሯን ከፍታ አስገባችን። ነገሩ እስኪበርድ ከልጆቿ እኩል እየበላን እሷ ቤት ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ምርጫ መጣ። ድሮ ምርጫ ማለት አባቴ ኮቱን ለብሶ ሄዶ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት መርጦ መመለስ ነበር። አሁን ግን ምልክቱ በዛ። ባልና ሚስት እንኳ ተለያዩ። የኤዶ የወንድም ልጅም በግሉ ተወዳደረ፤ ምልክቱ ጃንጥላ ነበር። መጥቶ ሱቃችን በር ላይ ለጠፈው።

አንዲት ደንበኛችን ሻሽ እያገላበጠች፣ «ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች።

«ፀሐዩን አታዪም?» አለቻት ኤዶ። «ይልቅ የሻሹ ዋጋ ላይ ጨምሪ!»

የእኔ ልብ ሌላ ዘንድ ነበር። አንዲት ሴት ዕጩ ገበያው አጠገብ ስትናገር ሰምቻለሁ። ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶች ሥራቸውን ሳይተዉ የሚማሩበት ቦታ ያስፈልጋል አለች። ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

አንድ ቀን የኤዶ የወንድም ልጅ ሱቅ መጥቶ፣ «አንቺማ የቤታችን ልጅ ነሽ። መቼም የኤዶን ቤት አትረሺም» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እውነቱን ነው። ለኤዶ ምን አድርጌላት አውቃለሁ? አንድ ድምፅ እንኳ ልነፍጋት ነው? ለጃንጥላው ልሰጥ ወሰንኩ።

በምርጫው ቀን አብረን ሄድን። ኤዶ የዓይን ሞራ ስላለባት ምልክቶቹን መለየት አትችልም፤ የሚረዳት ሰው ይዛ እንድትገባ ተፈቀደላት። ሰልፉ ላይ የነበሩ ዘመዶቿ «እኛ እንግባ» ሲሏት፣ «እሷ ትግባ፤ ድምፅ የላትም» አለች። ሁሉም ሳቁ። በሶማሊኛም እንደ አማርኛው ከጉሮሮ የሚወጣውም ሳጥን ውስጥ የሚገባውም ድምፅ ነው የሚባለው።

መጋረጃው ውስጥ ጣቷን ይዤ፣ «ጃንጥላው ይኸው» አልኳት።

ጣቷን ሳበች። «ማን ጃንጥላ አለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሲቆጣ ጆሮ የለውም። እወደዋለሁ፤ ቤቴን እሰጠዋለሁ፤ አገር ግን አልሰጠውም።»

ከዚያ ሌላ ምልክት ነገረችኝ፤ ጣቷን እዚያ ላይ አኖርኩላት። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ጃንጥላው እንዳልነበረ እንድጽፍ ግን ሰሞኑን ጠይቄያት፣ «ጻፊው፤ እሱም ያውቃል» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ቀጥሎ ተራዬ ደረሰና ብቻዬን ገባሁ። እስክሪብቶውን አንስቼ ምልክቶቹን አየሁ። ኤዶ ፍቅሯን ሌላ፣ ድምፅዋን ሌላ አድርጋ ነው የያዘችው። እኔ ውለታዋን በወረቀት እከፍላለሁ ብዬ ማሰቤ አሳፈረኝ። ውለታዋ እንኳን በወረቀት በምንም አይከፈልም። የልቤን አድርጌ ወጣሁ።

የወንድሟ ልጅ ከምርጫ ጣቢያው ራቅ ብሎ መንገድ ዳር ይጠብቀን ነበር። «ኤዶ፣ ጃንጥላዬ እንዴት ነው?» አላት።

«ድምፃችንን እዚያ ሰጥተን መጣን» አለችው። «አሁን በምን እንመልስልህ?»

እሱ እየሳቀ ሄደ፤ እኛም ወደ ሱቃችን አመራን። እኔ ግን ከበደኝ። ምንም ቢሆን ያሳደገችው ልጇ ነው፤ ልንገራትና ይቅለለኝ ብዬ፣ «ኤዶ፣ እኔ እኮ...» ስል ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ።

«ተይ፣ ኤዶ፣ ለማን እንደሰጠሽ እንዳትነግሪኝ። እኔ እንዳንቺ ምስጢር አልችልም።»