ሳጥኑ አሥራ ስምንት ሰዓት ይላል

ኢገን፣ መቶ ፐርሰንት

ሐሙስ ነው፤ ገና አልነጋም። በምንኖርባት በኢገን ከተማ የአፓርታማችን የመኪና ማቆሚያ ተጠርጎ በረዶው ጥግ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ጎረቤቶቻችን የመኪናቸውን መስታወት ይፍቃሉ። እኔ ላፕቶፕ ኮቴ ውስጥ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሯል። ቻርጀሩን ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች ላስረዳ። ይህን ገጽ የከፈተው ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ነው። ላፕቶፕ እየሞከረ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የባትሪ ሰዓትና በእውነት የሚቆይበትን ጎን ለጎን ይጽፍላችሁ ነበር። «የሳጥኑ ሰዓት ባለቤት የሌለው ላፕቶፕ ሰዓት ነው» ይላል። ስክሪኑ ደብዝዞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ። ብሩክ ጠረጴዛ ላይ አይሞክርም ነበር። ገዢው የሚውልበት ይዞት ይውላል። ባለፈው መስከረም በድንገት ታሞ ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ገጽ ላይ የተጻፈ የለም። እኔ እንደ እሱ መጻፍ አልችልም፤ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ግን ገጹ ላይ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር።

ጥያቄው የእህት ውድነሽ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት። ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ አንድ አዛውንት ትንከባከባለች፤ ጎን ለጎን ነርስነት በኢንተርኔት ትማራለች። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ሆና የቪዲዮ ትምህርቷን ትከታተላለች፣ ከሰዓት ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ትፈተናለች። ባለፈው ጊዜ ፈተናው መሃል ላፕቶፗ ጠፋባትና ወደቀች። የዚያኛው ሳጥን አሥራ አራት ሰዓት ይል ነበር። አዲስ ገዛችና «ለቅዳሜዬ ይበቃል?» ብላ ለብሩክ ሰጠችው። ሳይሞክረው ሞተ።

ለቅሶ ስትመጣ ላፕቶፑ ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ነበር። ስለ እሱ ምንም አላነሳችም። በኋላ ልመልስላት ብል «ሳይሞከር አልወስድም፤ ብሩክ ሞክሬ እሰጥሻለሁ ብሎኛል» አለችኝ። የድጋሚ ፈተናዋ ከነገ ወዲያ ነው። ሦስተኛ ዕድል የለም።

መኪናዋ መጣች።

«ግባ ግባ፣ ደርቀህ ልትቀር ነው! ስንት ይላል?»

«መቶ።»

«ታድሎ! እኔ መቶ ሆኜ የነቃሁበት ቀን ትዝም አይለኝ።»

«የመኪናሽ ቻርጀር መሰኪያ ይሠራል?»

«ከገዛኋት ጀምሮ አይሠራም። ሬዲዮዋም ደስ ባላት ቀን ነው።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ ይጨሳል። ከፊታችን ቀይ የመኪና መብራት እስከ ሰማዩ ጫፍ ተሰልፏል። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው። ከመስከረም ወዲህ ከሥራና ከቤት ሌላ ቦታ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፕሊማውዝ፣ ዘጠና ዘጠኝ

ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከኋላው የቢሮ ሕንፃዎች ይታያሉ። አዛውንቱን እህት ውድነሽ «ግራንፓ»፣ አያቴ እንደማለት፣ ትላቸዋለች። ከእሷ ጋር እንድውል ቀድማ አስፈቅዳቸዋለች። ረጅም ሰው ናቸው፤ እጃቸው ቀዝቃዛ፣ ዓይናቸው ንቁ።

ቁርስ አበላቻቸው፣ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የባለፈውን ሳምንት የትምህርት ቪዲዮ ከፈተች። ቅዳሜ የምታደርገውን በሙሉ ማድረግ አለብን። ስክሪኑን አላደበዘዝንም። ዋይፋዩ ክፍት ነው።

ግራንፓ ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራቸው ግድግዳውን አመለከቱ። «ሶኬቱ ያውና! ለምን አትሰኩትም?»

«አይፈቀድልኝም፣ ግራንፓ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ የደንበኛ መብራት አትንኩ ብሏል።»

«የምከፍለው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት። የምባረረው ግን እኔ ነኝ።»

እንዲገባቸው ስለ ሳጥኑ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ይኮላተፋል፤ ይታገሱኝ አልኳቸው። ሳቁ። «ወጣቱ፣ በሕይወቴ የገዛኋት መኪና ሁሉ ሩቅ የምትሄደው ካታሎጉ ላይ ብቻ ነበር» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሦስት ሰዓት ያህል ቪዲዮው ሲሄድ ቆየ። እህት ውድነሽ ማስታወሻ ትይዛለች፣ ተነስታ ብርድ ልብሳቸውን ታስተካክላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። እኔ የምመለከተው ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ብቻ ነው። ሰማንያ። ሰባ አንድ። ሃምሳ ሰባት ላይ ዘጋነው።

ፍሮግታውን፣ ሃምሳ ሰባት፣ አይ፣ አርባ ዘጠኝ

ግራንፓ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት አላቸው። ቦታው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና እልፍ ብሎ ነው። አስገባናቸው፤ ነርሶቹ ተረከቧቸው። አራት ሰዓት ያህል ይቆያሉ።

እኛ አንድ የቬትናሞች ቤት ገብተን የኑድል ሾርባ አዘዝን። አሥራ አራት ዶላር ነው፤ ሳህኑ ሕፃን ይታጠብበታል። ለሁለት በላነው፣ ተረፈን። ውጭ ባቡሩ ደወሉን እያሰማ ያልፋል። ግማሹ የሱቅ ጽሑፍ በማላነበው ቋንቋ ነው።

መኪናው ጋ ተመልሰን ላፕቶፑን ስንከፍተው አርባ ዘጠኝ ይላል።

«ማን ነካው?» አለች።

«ብርዱ ነው። ምሳ ስንበላ ኋላ ወንበር ላይ ትተነው…»

ፊቷ ተለዋወጠ። ብሩክ «የሳጥኑን ለሁለት ክፈል፣ ከዚያ ለክረምቱ ቀንስ» ይል ነበር። ረስቼው። የግራንፓን ትርፍ ብርድ ልብስ አውጥታ ላፕቶፑን ከሥር ጠቀለለችው። መኪናው እንዲሞቅ ሞተሩን አስነሳች።

«ቅዳሜ አብሮን ምሳ ይበላል» አለች። አልሳቀችም።

አሁን ዋናው መጣ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ነው፤ ካሜራው ክፍት ሆኖ፣ አጠገቧ ሰው ሳይኖር። ስለዚህ እሷ መኪናው ውስጥ ትቀራለች፣ እኔ እጥበቱ ቤት መጠበቂያ ክፍል እገባለሁ። በስልኬ ወደ ላፕቶፑ በቪዲዮ እደውላለሁ።

ይህን አሠራር አውቀዋለሁ። ብሩክ ካሜራ ሲሞክር ሁልጊዜ የሚደውለው ለእኔ ነበር። ባትሪው እስኪሞት አንዘጋም። ከሞተም በኋላ ወዲያው በስልኩ ይደውልና እየሳቀ ቁጥሩን ይነግረኛል። ያ ወንበር፣ የሚደወልለት ሰው ወንበር፣ የእኔ ነበር።

«ይታይሃል?» አለች እህት ውድነሽ።

«ይታየኛል። ስንት?»

«አርባ ስምንት። ቁጥሩን ትተህ አውራ እንጂ! ፈተና ላይ ያለሁ አስመሰልከው።»

«እኔ ብዙ አላወራም።»

«አውቃለሁ። ብሩክ ነግሮኛል። ‹ወንድሜ የሚጀምረው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ነው› ብሎ።»

ይህን አላውቅም ነበር። እሷ የጥናት ጥያቄዎቿን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። ሠላሳ ስድስት። ሃያ ሰባት። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ «አቁሚ!» አልኳት።

«አሥራ ስምንት!» ብላ ጮኸች። «አሥራ ስምንት ፐርሰንት ተርፎ! ሚኪዬ!» መሪው ላይ ድፍት ስትል የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ በመስኮት አየች።

«አሁን ልዝጋው?»

«አይ። ብሩክ ሳይሞት አይዘጋም ነበር።»

ያልኩትን ሁለታችንም ሰማነው። እሷ ካሜራውን አስተካክላ ተቀመጠች። ባትሪው ዘጠኝ ላይ ሲደርስ መናገር ጀመርኩ። ከመስከረም ወዲህ የቪዲዮ ጥሪ አንስቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ስልኩ ሲጠራ እሱ የሚመስለኝ መሆኑን። እናታችን ስትደውል እንኳ በጽሑፍ እንደምመልስ። የምፈራው የጥሪውን መጨረሻ እንደሆነ። ስክሪኑ ሲጠቁር።

«ሚኪዬ፣ አንተ እኮ…» አለች፤ ጠቆረ።

የራሴ ፊት ብቻ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል። ስልኩን ያዝኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

ስልኩ ጠራ።

«ሞተ!» አለች እየሳቀች፤ አፍንጫዋ ግን ከለቅሶ ታፍኗል። «ከጠዋቱ ጋር ስድስት ሰዓት! ጻፍልኝ! ደግሞ ለእናትህ ደውል፣ ፊትህን አሳያት።»

ኢገን፣ ዜሮ

ግራንፓን ቤታቸው አድርሰን ስንመለስ መሽቷል። ሃይዌዩ ተጨናንቋል፤ ሬዲዮዋ ደስ ብሏት ትዘፍናለች። አፓርታማው በር ላይ እህት ውድነሽ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችኝ፤ ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ ቻርጀሩን አመጣሁላት። ላፕቶፑን ከነብርድ ልብሱ ታቅፋ ወሰደችው።

ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ አለ። መጀመሪያ ለእናታችን በቪዲዮ ደወልኩ፤ «ከሳህ» አለችኝ። ከዚያ የብሩክን ገጽ ከፍቼ ከጥያቄው ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦

ሳጥኑ፦ አሥራ ስምንት ሰዓት። በእውነት፣ በክረምት፣ በካሜራ፦ ስድስት። እህት ውድነሽ፣ ለቅዳሜሽ ይበቃል። ምሳ ላይ ግን መኪና ውስጥ አትተዪው።