ዘፈን ላስዘጋ መቐለ የሄድኩበት ጉዞ

ከደሴ የተነሳሁት በሐምሌ ማለቂያ፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የሄድኩት ለንግድም ለሠርግም አይደለም። በታናሽ እህቴ በየሺ ቤት ውስጥ የሚጮኽ ዘፈን እንዳስዘጋ ተልኬ ነው።

የሺ የመቐለ ሰው አግብታ ሁመራ ኖራለች። ባሏ ከጦርነቱ በፊት ታሞ ሞተ። አንድ ልጃቸው ክብሮም በጦርነቱ ዘመተ። እሷ ተፈናቅላ መቐለ ገባች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መርዶ ነጋሪዎች ቤቷ መጥተው የልጇን ስም አነበቡላት። አመስግና፣ ውኃ አጠጥታ ሸኘቻቸው። አላለቀሰችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ዘመዶቿ ፍትሐት ይደረግለት ሲሏት "በሕይወት ባለ ልጄ ላይ ፍትሐት እንዳታደርጉብኝ" ብላ አስማለቻቸው። ይልቁንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የአንድ የድሮ ዘፋኝ ምርጥ ዘፈኖችን ሰፈሩ እስኪሰማ ትከፍታለች።

የባሏ ዘመዶች ደወሉልኝ። "እትዬ፣ ያንቺን ቃል ትሰማ ይሆናል። ልጁ ያለ ጸሎት ቀረ" አሉኝ። እኔን ያስነሳኝ ይኸኛው ነው። ዘፈኑ ቢበዛ ሐሜት ያመጣል፣ ሐሜት ደግሞ ያልፋል። የእህቴ ልጅ ስም ግን ከሙታን ጋር ሳይጠራ መቅረቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

በመንገድ

መኪናው ገና ሐይቅ ሳይደርስ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። ያው የየሺ ዘፋኝ፣ ያው ሰውዬ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ከቆረብኩ ወዲህ ዘፈን ትቻለሁ። ውዳሴ ማርያሜን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩ። ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነው፤ ከንፈሬ ግን ሌላ ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"እማማ፣ የዛሬው ውዳሴ ክራር አለው እንዴ?"

"ዝም በል፣ ባለጌ!" አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ከኋላችን የተቀመጡት ተማሪዎች ከሰውዬው ጋር አብረው ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ሲወጣ እናቶቻቸው ገና አላገቡም ነበር። መርሳ ላይ ብርቱካን ለመግዛት ስንቆም እንኳ ሾፌሩን "እንዳታጠፋው" ብለው ወረዱ። ይህ ሰው ምኑ ነው የማያረጀው ብዬ አሰብኩ። ዘፋኝ ሁሉ ስለ ፍቅር ይዘፍናል። የእሱ የተለየው፣ ትታው በሄደችው ሴት ላይ ክፉ ቃል አለመናገሩ ይመስለኛል። አይራገምም፣ አይዝትም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰው የማይጠብቅ ቤት ደግሞ የለም።

ወልድያ ቁርስ በላን። የቆቦ ሜዳ ማሽላው ጉልበት ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው። በየኬላው ወርደን መታወቂያ አሳየን። አላማጣ ላይ መኪና ቀየርን። የግራካሶን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ምንም አላሳይ አለ። ኮረም ስንደርስ ነጠላዬን ደርቤ ተጠቀለልኩ። ከማይጨው ወዲያ በየመንገዱ ዳር በለስ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ እሾኹን ጠርጋ፣ ልጣጩን በቢላ ሁለቴ ሰንጥቃና ገልጣ አፌ ድረስ አቀረበችልኝ። መሽቶብኝ መቐለ ገባሁ።

ሰሜን

የሺ የምትኖረው በሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግራ ቀኙ ብሎኬት ማምረቻና የብየዳ ቤት ነው። የያዝኩትን ባጃጅ ሹፌር ቤቱን ታውቀዋለህ ወይ ስለው "የዘፈኑ ቤት ነው?" አለኝና ሌላ ሳይጠይቀኝ አደረሰኝ።

አከራይዋ ኣደይ ለተብርሃን በር ላይ ተቀበለችኝ። ኣደይ ማለት በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል።

"እዋይ፣ ሓፍተይ! መጣሽልን። አንቺ ካላስቆምሻት ማን ያስቆማታል?" አለች፤ ሓፍተይ፣ እህቴ ማለቷ ነው።

"ረበሸችሽ?"

"ዘፈኑ አማርኛ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። እኔ ቃሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ በሠርጌ የጨፈርኩት በእሱ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የኔም ልጅ አልተመለሰም። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። እሷ በከፈተችው ቁጥር እንደገና ታስጀምረኛለች።"

የሺ ከስታለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ሕልበት አቀረበችልኝ፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚሠራ የጾም ምግብ ነው፤ ነጭ፣ እንደ አረፋ የቀለለ። ክፍሏ አንድ ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ የማርያም ሥዕል፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ድምፅ ማጉያ አለ።

"ከጀርባ በኩል ጸጥ ያለ ክፍል ነበረ፣ ዋጋውም ይቀንሳል" አለችኝ። "እኔ ግን የመንገዱን ያዝኩ።"

"አቧራውስ?"

"እትዬ፣ ክብሮም ይህን ቤት አያውቀውም። የሚያውቀው የሁመራውን ነው። ስልኬም ያኔ ጠፋ። ቢመጣ ማንን ይጠይቃል? ይህንን ከሰማ ግን ይገባል።"

የምትከፍተው ዘፈን የክብሮም አባት የቀዳው ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ቴፑን ሬዲዮ አጠገብ አስቀምጦ፣ የሰውዬውን ምርጥ ዘፈኖች እየጠበቀ በአንድ ካሴት ቀድቶ ነበር። በሁለተኛው ዘፈን መሐል ሳል ይዞት ያስላል፤ ሳሉ አብሮ ተቀድቷል። ክብሮም ሲያድግ ካሴቱ እንዳይበላሽ ወደ ሚሞሪ አስገለበጠው። የሺ ከሁመራ ስትወጣ ይዛ የወጣችው እሱን ነው፣ ነጠላዋ ጥለት ላይ ቋጥራ።

"ስሙን አንብበውልሻል እኮ፣ የሺ።"

"ስም ነው ያመጡልኝ። ክብሮም የሚባል ስንት አለ?"

"ጸሎት ያስፈልገዋል፤ ፍልሰታም እየገባ ነው።"

"አንቺ እመቤታችን ፊት ለሞተ አልቅሺ። እኔ በሕይወት ላለው እለምናታለሁ። ሁለታችንንም ትሰማለች።"

መጽሐፍ የማውቅ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

ባጃጁ

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ ሲጀምር በር ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። ብየዳ ቤት ያሉት ሠራተኞች ማሽኑን አጠፉ፤ ሥራ አልጨረሱም፤ ለመስማት ነው። ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዓዲ ሓቂ ግቢ የመጡ ሁለት ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ከማዶ ደግሞ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ሰው "ወደ ዓይደር ነህ?" እያለ ይጠይቀዋል፤ ሹፌሩ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይጭንም። ሠላሳውን ያለፈ ሰው ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ መሪውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም።

ፍልሰታ በገባ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እሱን አገኘሁት፤ ተሳፈርኩ።

"ልጄ፣ ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት የምትቆመው አንተ ነህ?" አልኩት።

ባጃጁን ዳር አስያዘ። ሞተሩን አጠፋ።

"እህትሽ ናት?" አለ፤ ወደ ኋላ አልዞረም። "መሐሪ እባላለሁ። ከክብሮም ጋር ነበርኩ።"

"ነበርኩ" ሲል ገባኝ። እጄ አማተበ።

"የት ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ ኣደይ።"

ከዚያ ነገረኝ። ክብሮም ምሽት ላይ እነዚያን ዘፈኖች በቅደም ተከተላቸው ይዘፍንላቸው ነበር። ሁለተኛው መሐል ሲደርስ አቁሞ እንደ አባቱ ያስላል፤ እነሱ ይስቃሉ። "ያለ ሳሉ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው" ይላቸው ነበር።

"በፋሲካ ሰሞን ሰው ጭኜ በዚህ ሳልፍ ሰማሁት። ዘፈኑማ በየቤቱ አለ። ሳሉን ስሰማ ግን ፍሬን ያዝኩ። የጫንኩት ሰው ግንባሩ ተመቶ ሰደበኝ።"

"ለምን አልገባህም?"

"ምን ብዬ ልግባ? እሷ ልጇን ትጠራለች፣ እኔ ልግባላት?"

ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ዘረጋና ተወው። "አንድ ነገር ልንገርሽ? ከእኛ ምሽግ ማዶ የነበሩትም ምሽት ላይ ይህንኑ ሰውዬ ይከፍቱ ነበር። ንፋሱ ያመጣልን ነበር። አንዳንዴ የእኛ ልጆች ከዚህ ይቀበሏቸዋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይነጋል። ሲነጋ ያው ተኩስ ነው።"

ከደሴ ስነሳ መኪና ውስጥ በሰውዬው ድምፅ ሁሉም ሲደሰት አይቼ ልቤ ሞቆ ነበር። ያ ሙቀት እዚያ ባጃጅ ውስጥ በረደ። ሁላችንም እንወደዋለን። መውደዳችን አንድም ልጅ አላተረፈልንም።

መርዶ

መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ በቀትርም አይነገርም። በማግስቱ ማለዳ ቄሱን፣ ኣደይ ለተብርሃንን፣ የባሏን ዘመዶችና መሐሪን ይዤ ገባሁ። የሺ ውኃ እየቀዳች ነበር። ቄሱን አየች፣ ከኋላችን መሐሪን አየች። ጆጉን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ዘፈኑን ከፈተችው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችው።

ቄሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሰማ የለም። የሺ ጀርባዋን ለድምፅ ማጉያው ሰጥታ በመሐሪ ላይ አፈጠጠች።

"አውቅሃለሁ!" አለች እየጮኸች። "ከፋሲካ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ባጃጅህን ባየሁ ቁጥር እጨምረዋለሁ። መርዶውን ፊትህ ላይ ይዘኸዋል። እንዳትገባብኝ ነበር!"

መሐሪ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ሁለተኛው ገባ። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። የዘፈኑ ግማሽ ላይ፣ ሳሉ ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው፣ መሐሪ ሳያውቀው እጁን ወደ አፉ አነሳ። ሳሉ መጣ። እጁ አፉ ላይ ነበረ።

የሺ አየችው። ትከሻዋ ወረደ።

"ነግሮሃል?" አለች። በከንፈሯ ነው ያወቅኩት።

"ነግሮኛል።"

ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ ራሷ አጠፋችው።

"አፈር በደንብ አልብሳችሁታል?"

"በደንብ። ከላዩም ድንጋይ ከምሬበታለሁ።"

"ፊቱን ወዴት?"

"ወደ ምሥራቅ፣ ኣደይ። ራሴ ነኝ ያስተኛሁት።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አለችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጮኸችው ኣደይ ለተብርሃን ናት።

መመለሻ

ሐዘንተኛው እስኪበተን ተቀመጥኩ። ፍትሐቱ ተደረገ። የሺ ጥቁሩን ከእጄ ተቀብላ ለበሰች። የመውጫዬ ዕለት የብየዳ ቤቱ ሰዎች ማሽናቸውን ሲያጠፉ አየሁ፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ቆመው ቆመው እንደገና አስነሱት። መሐሪ መናኸሪያ አደረሰኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ መረቅኩት።

እስከ አላማጣ ዝናብ አልተለየንም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሾፌር ዘፈን ሊከፍት ሲል የሐዘን ነጠላዬን አየና "ይረብሽዎታል፣ እማማ?" አለኝ።

"ተወው፣ ክፈተው" አልኩት። ሌሎቹ ሰሙት። እኔ በመስኮት አየሁ።

ደሴ እንደገባሁ ደብራችን ሄጄ የልጁን የክርስትና ስም ለቄሱ ሰጠሁ። በዚያው ዕለት ከሙታን ጋር ተጠራ። የሄድኩበት ጉዳይ ሞላልኝ፤ በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናዬ እውነት ነው። ግን እህቴ ከእኔ የተሻለ ጸሎት ይዛ እንደነበረና እኔ እንዳስቆምኳት አውቃለሁ። ይህንን ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን በየሰንበቱ እደውልላታለሁ። ድሮ ስንደዋወል ከዘፈኑ በላይ እየጮኽን ነበር የምናወራው፤ ግማሹ አይሰማም ነበር። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። እስትንፋሷን ሳይቀር እሰማዋለሁ።

"እትዬ፣ አለሽ?" ትለኛለች።

"አለሁ" እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንቆያለን።