በዓቢይ ጾም ወተት የጠጣችው አሳማ

ውሃ ውስጥ ያደረ ዳቦ ሽታ ዛሬም በድንገት ሲደርሰኝ ካይሮ፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር የነበርንበት ሕንፃ ጣሪያ ይመጣብኛል፤ የአከራያችን የሐጂ እርግቦች፣ የተሰጣው ልብስ፣ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ደግሞ የታላቅ እህቴ የትርሲት አሳማ። እንዴት እንደምጽፈው በደንብ አላውቅም። ግን እጽፈዋለሁ።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ነበር ያመጣቻት። ቆሻሻችንን በአህያ ጋሪ የሚሰበስበው ግብጻዊ፣ እናቷ አላጠባም ያለቻትን ግልገል ሊጥላት ሲል፣ ትርሲት ለምና ተቀበለቻትና በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ደብቃ ደረጃውን ወጣች። በፎጣ ስንጠቀልላት ድንች ስለመሰለችን ድንች አልናት።

እማዬ ኒው ካይሮ ሰው ቤት እያደረች ትሠራ ስለነበር የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። ጣሪያ ወጥታ ስታያት አማተበች፣ ርኩስ እንስሳ ከልጆቼ ጋር አያድርም አለች። ወጥ ቤት የምትጋራን እትዬ ዘሃራም ሙስሊም ናትና ደገፈቻት፤ በሌላው ነገር ሁሉ ሲከራከሩ የኖሩት ሁለት ሴቶች በአሳማ ላይ ተስማሙ። ትርሲት ግን እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ አለች፤ ያለችውን እንደማትተው ስለምታውቅ እማዬ ተወቻት።

ችግሩ ዓቢይ ጾም መግባቱ ነበር። በጾም ቤታችን ወተት አይገባም፣ ድንች ደግሞ ያለ ወተት አትኖርም። እማዬ በእኔ ቤት ያለ ሁሉ ይጾማል ብላ የምስር ውሃ አስቀመጠችላት፤ ድንች አሸተተችውና ፊቷን አዞረች፣ ጎኗም ቀን በቀን እየገባ ሄደ።

«ያልተጠመቀ ይጾማል እንዴ፣ እማዬ?» አለቻት ትርሲት።

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች እንጂ አልፈቀደችም።

በማግሥቱ እትዬ ዘሃራ የራሷን ወተት ከማቀዝቀዣው አውጥታ በጣሳ ሰጠችን። «ለድመታችሁ ነው» አለች። ድመት አልነበረንም። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ እንዳትነግሩኝም።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትርሲት ጣሳውን ይዛ፣ እኔ ጣቴን ወተቱ ውስጥ እየነከርኩ እናጠባት ነበር፤ ስትጠግብ እያጉረመረመች እግራችን ላይ ትተኛ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ክብ ሆና የነከርንላትን ደረቅ ዳቦ መብላት ጀመረች።

ሙቀቱ ሲመጣ የአሳማ ጉንፋን ወሬ አብሮ መጣ፣ በአገሩ ያለ አሳማ ሁሉ ይገደል ተባለ። ሐጂ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እስከዚያ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር፤ አንድ ዓርብ ግን አሳማ የሚሰበስቡ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ጣሪያ ወጣና፣ ወይ አሳማዋ ወይ ቤቱ፣ ኸላስ፣ በቃ አለ። ትርሲት ታንከሩ ፊት ቆማ አልነቃነቅም አለች። አንደኛው ሰውዬ ገመድ ይዞ ሲጠጋ፣ ድንችን አንድም ቀን ነክታ የማታውቀው እማዬ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣቻትና ነጠላዋ ላይ አቀፈቻት።

«ርኩስም ብትሆን የልጄ ናት» አለች። «በገመድ አትጎተትም።»

ቤቱን መልቀቅ አንችልም ነበር፣ የምንሄድበት አልነበረንም። ስለዚህ ትርሲት ከእማዬ ክንድ ተቀብላት፣ ደረጃውን ራሷ ተሸክማት ወርዳ፣ ታች የቆመው የሰዎቹ መኪና ላይም ራሷ አስቀመጠቻት። ከዚያ መንገድ መሃል ቆማ አለቀሰች። ጎረቤቶች ከየበረንዳው እየሳቁ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለአሳማም ይለቀሳል ወይ አሉ። እሷ ፊቷን አልሸፈነችም፣ አልቸኮለችምም። እስኪበቃት አለቀሰች።

ትርሲት ዘንድሮ ሞተች። ዓርባዋ ካለፈ ወዲህ ሰዎች በቃህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ ይሉኛል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የሚስቁት ሰዎች በዝተውብኝ ከእሷ ጀርባ ተሸሽጌ ነበር ያለቀስኩት። አሁን የምሸሸግበት ጀርባ የለኝም። በቃህ የሚሉኝን ፊት ለፊት እያየሁ አለቅሳለሁ።