አቧራ አጠጪው

ሾፌሩ የማዕድን ኩባንያውን የውሃ ቦቴ እየነዳ በየማለዳው በሠፈራችን ያልፋል። ተግባሩ መንገዱን ማጠጣት ነው፤ የኩባንያውን ከባድ መኪኖች አቧራ እንዳያስጨንቃቸው። ምንጩ አንድ ነው። ነዋሪው በኮታ ይቀዳል፤ አቧራው ግን፣ ክብር ይግባውና፣ እስኪጠግብ ይጠጣል።

በሰውዬው ቱታ ላይ የኩባንያው ዓርማ ያበራል፤ አንገትጌው ካልታጠበ ሰንብቷል። የቦኖውን ሰልፍ ሲያልፍ መስኮቱን ይዘጋል፤ ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

ትናንት አንዲት አሮጊት ጣሳቸውን እንደያዙ ከሰልፉ ወጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። መስኮቱን ለመክፈት ተገደደ።

«አራሷ እየጠበቀችኝ ነው። ልጅህን በምን ልጠበው?»

«እማዬ፣ በሞቴ ዘወር በይ። ለሰው ከሰጠሁ ያባርሩኛል።»

«ለመሬትስ?»

«ለመሬትማ ተፈቅዷል።»

እናቱ ዘወር አሉለት። እርሱም ደንቡን አንዲት ፊደል ሳያጓድል አከበረ፤ ቦቴውን ከአንድ ጎድጓዳ ስፍራ አጠገብ አቁሞ፣ ጢም ብሎ እስኪሞላ ድረስ መሬቱን አጠጣ። ከዚያ ዞር ብሎ ሳያይ ነዳ።

አሮጊቷ ጭቃው እስኪጠል አልጠበቁም። ተንበርክከው፣ የልጅ ልጃቸውን መታጠቢያ ከአቧራው አፍ እየነጠቁ በጣሳ ይቀዱ ጀመር።